«ራየት አክቱን አነበበላቸው»፦ ስለ አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ አባባል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የእንግሊዝ ኳስ በእንግሊዝኛ የሚከታተል ሰው ይህን አባባል ሳይሰማው አይቀርም። አንድ ቡድን ከእረፍት በፊት ሦስት ጎል ይገባበታል። ተንታኙም «አሰልጣኙ አሁን መልበሻ ክፍል ውስጥ ራየት አክቱን እያነበበላቸው ነው» ይላል። የሥራ ቦታ ወሬ ላይም፣ ፓርላማ ዜና ላይም ይመጣል። ብዙ ሰው «ተቆጣቸው» ብሎ ተርጉሞት ያልፋል። ትርጉሙ አልተሳሳተም። ከጀርባው ግን ሲነበብ ሰው የሚሞትበት እውነተኛ ወረቀት አለ፤ ታሪኩ መታወቅ ያለበትም ለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አባባሉ ዛሬ ምን ማለት ነው?

የበላይ የሆነ ሰው ከሥሩ ያሉትን ቆጣ ብሎ «ይህን አሁኑኑ አቁሙ፤ ካላቆማችሁ ግን ወዮላችሁ» ሲላቸው ራየት አክት አነበበላቸው ይባላል። ወላጅ ለልጆቹ፣ አለቃ ለሠራተኞቹ፣ አሰልጣኝ ለተጫዋቾቹ ያነባል። ትእዛዝም ዛቻም አለበት። ዝም ብሎ መነጫነጭ ወይም ሰው ላይ መጮህ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ራየት አክት የሚባል ሕግ በእውነት ነበረ?

ነበረ። በአማርኛ «የሁከት አዋጅ» ልንለው እንችላለን። የብሪታንያ ፓርላማ አውጥቶት ኦገስት 1 ቀን 1715 ሥራ ላይ ዋለ። ቀኑ የተመረጠው በከንቱ አይመስልም። ከዚያ ልክ አንድ ዓመት በፊት፣ ኦገስት 1 ቀን 1714፣ ንግሥት አን አርፈው አዲሱ ንጉሥ ዙፋኑን የወረሱበት ዕለት ነው።

ችግሩ የጀመረውም ከዚሁ ነው። ንግሥቲቱ በሕይወት ያለ ልጅ አልነበራቸውም። የቅርብ ዘመዶቻቸው ደግሞ ካቶሊኮች ነበሩ፤ በ1701 የወጣ ሕግ ካቶሊክ እንዳይነግሥ ከልክሏል። ስለዚህ ዙፋኑ ለጀርመናዊው የሃኖቨር ገዢ ለጆርጅ ተሰጠ። ብዙ ሰው አልተዋጠለትም። ኦክቶበር 20 ቀን 1714፣ ንጉሡ ዘውድ በጫኑበት ዕለት፣ ከ20 በሚበልጡ ከተሞች ረብሻ ተነሣ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሕዝብ እየተሰበሰበ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጪ የሆኑ ፕሮቴስታንቶችን የጸሎት ቤቶች ያፈርስ ጀመር። የተባረረውን የስቱዋርት ቤተሰብ ወደ ዙፋን ለመመለስ የሚፈልጉ፣ ጃኮባይት የሚባሉ ሰዎችም አጋጣሚውን ይጠብቁ ነበር። አዋጁ በወጣ በሁለተኛው ወር ስኮትላንድ ውስጥ ጦር አነሡ። አዋጁን ያወጣው መንግሥት የፈራው ነገር በእርግጥም ደጁ ላይ ነበር።

ታዲያ መጻሕፍት ለምን «የ1714 ሕግ» ይሉታል?

ያኔ በእንግሊዝ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። ሕግ ደግሞ የሚቆጠረው ፓርላማው ጉባኤውን ከከፈተበት ቀን ጀምሮ ነው። ያ ጉባኤ የተከፈተው ማርች ውስጥ፣ አዲሱ ዓመት ከመግባቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ በነሱ ቁጥር ገና 1714 ነበር። መስከረም ላይ ዓመት ለሚለውጥ ሰው ይህ የሚከብድ ነገር አይደለም።

አዋጁ ምን ይላል?

12 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ተሰብስበው ሰላም ካደፈረሱ ዳኛ፣ ከንቲባ ወይም ሌላ የአካባቢ ሹም ፊታቸው ቆሞ እንዲበተኑ ያዛል። ማስጠንቀቂያው ከተነበበ በኋላ አንድ ሰዓት አላቸው። ሰዓቱ ሲሞላ እዚያው የተገኘ ሰው በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሠርቷል። ድንጋይ መወርወሩ አይጠየቅም። እዚያ መቅረቱ ብቻ ይበቃል።

አዋጁ አንድ ተጨማሪ በርም ዘግቷል። በዚያ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ ሰው ከገመድ የሚያመልጥበት «የካህናት መብት» የሚባል መንገድ ነበር። ጥንት ለካህናት ብቻ የታሰበ ነው። በኋላ ማንበብ ለሚችል ሁሉ ተፈቀደ። ተከሳሹ ማንበብ መቻሉን የሚያሳየውም ብዙውን ጊዜ «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን የዳዊት መዝሙር በማንበብ ነበር። የንባብ ፈተናው በ1706 ቀርቶ መብቱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ነበር። የሁከት አዋጁ ግን «ይህ መብት እዚህ አይሠራም» አለ። ምሕረት እንዳይገባበት ሆኖ የተጻፈ ሕግ ነው።

ከሹሞቹ በኩል ደግሞ ትልቅ ከለላ ሰጠ። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ሕዝቡን ሲበትኑ ሰው ቢሞት ወይም ቢቆስል አይጠየቁም። እኔ አዋጁን ከባድ የሚያደርገው ከሞት ቅጣቱም በላይ ይህ አንቀጽ ይመስለኛል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ አብዛኛው የሚሽከረከረው በዚሁ ዙሪያ ነው።

ሕጉ በሙሉ ነበር የሚነበበው?

አይደለም። የሚነበበው ጥቂት መስመር ነው። ሹሙ በተቻለው መጠን ወደ ሕዝቡ ይጠጋል። መጀመሪያ ጸጥታ ያዛል። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ ይላል፦

«ሉዓላዊው ጌታችን ንጉሡ የተሰበሰባችሁ ሁሉ ወዲያውኑ እንድትበተኑ፣ በሰላምም ወደየመኖሪያችሁ ወይም ወደ ሕጋዊ ሥራችሁ እንድትሄዱ ያዝዛሉ። ይህ ባይሆን ሁከትንና የረብሻ ስብሰባን ለመከላከል በንጉሥ ጆርጅ በመጀመሪያው ዓመት በወጣው ሕግ የተጻፈው ቅጣት ይፈጸማል። እግዚአብሔር ንጉሡን ያድን።»

ይኸው ነው። በዝግታ ቢነበብ ደቂቃ አይሞላም። ቃሉ ግን እንዳለ መነበብ ነበረበት። በ1830 አንድ ፍርድ ቤት የቀረበለት ጉዳይ ላይ ሹሙ መጨረሻ ላይ ያለውን «እግዚአብሔር ንጉሡን ያድን» ዘሎት ነበር። ንባቡ ዋጋ የለውም ተባለ። በአንድ ዓረፍተ ነገር መጉደል የሰው አንገት ይተርፍ ነበር ማለት ነው። ዳኞቹ ቃሉን እንዲህ ማጥበቃቸው ልክ ነበር እላለሁ። ሰውን በቃል ብቻ ወደ ሞት የሚነዳ ሕግ፣ ቃሉ ሲጎድል መውደቅ አለበት።

ሳይነበብ መተኮስ አይቻልም ነበር?

ሕዝቡም፣ ወታደሩም፣ ብዙ ሹሞችም እንደዚያ ያምኑ ነበር። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። ከአዋጁ በፊት የነበረው የቆየ ልማዳዊ ሕግ ከባድ ጥፋት ሲፈጸም ኃይል መጠቀምን ይፈቅዳል። አዋጁ ያንን አልሻረም። ይህ አለመግባባት ብዙ ሕይወት አስከፍሏል፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ሜይ 10 ቀን 1768 ለንደን ውስጥ፣ ሴንት ጆርጅስ ፊልድስ በሚባል ሜዳ፣ የታሰረውን ፖለቲከኛ ጆን ዊልክስን ለመደገፍ ብዙ ሕዝብ ወጣ። ሳሙኤል ጊላም የሚባል ዳኛ አዋጁን አነበበ። ድንጋይ ተወረወረበት። ወታደሮቹ ተኩሰው ሰዎች ገደሉ። ከዚያ የሆነው ነገር ሹሞችን ሁሉ አስደነገጠ። ጊላም ራሱ በነፍስ ግድያ ተከሰሰ። በነፃ ተለቀቀ፤ ግን አንድ ዳኛ አዋጅ አንብቦ ፍርድ ቤት በገዳይነት መቆሙ አልተረሳም።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ በጁን 1780፣ ለንደን ነደደች። ሎርድ ጆርጅ ጎርደን የሚመራው እንቅስቃሴ ለካቶሊኮች የተሰጠ ትንሽ መብት እንዲነሣ ጠየቀ። ሰልፉ ወደ ዝርፊያና ወደ ቃጠሎ ተለወጠ። የካቶሊኮች ጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ። ኒውጌት እስር ቤት ነደደ። የአገሪቱ ታላቅ ዳኛ የሎርድ ማንስፊልድ ቤት ከነመጻሕፍቱ ወደመ። ወታደር ከተማው ውስጥ ነበር። ቆሞ ግን ያያል። ምክንያቱም አዋጁን የሚያነብ ዳኛ አልነበረም፤ ያለውም ፈርቷል። በመጨረሻ ንጉሡ አማካሪዎቻቸውን ሰብስበው ጠየቁ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አሌክሳንደር ዌደርበርን ዳኛ መጠበቅ ግዴታ አይደለም አላቸው። ጦሩ ታዘዘ። በመንግሥት ቆጠራ ብቻ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የለንደን ከንቲባ ብራክሊ ኬኔት ደግሞ አዋጁን ባለማንበቡ ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ።

አንዱ አንብቦ ተከሰሰ፣ ሌላው ሳያነብ ተከሰሰ። በ1831 ብሪስቶል ስትቃጠልም ከንቲባው ቻርልስ ፒኒ ግዴታህን አልተወጣህም ተብሎ ፍርድ ቤት ቆመ፤ ነፃ ወጣ።

ሕዝቡ በበኩሉ «ንባቡ ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት አለኝ፤ እስከዚያ ማንም አይነካኝም» ብሎ ያምን ነበር። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1893 በዮርክሸር ፌዘርስቶን የሚባል ቦታ ማዕድን ቆፋሪዎች ተሰብስበው ነበር። አዋጁ ተነበበ። ሰዓቱ ሳይሞላ ተተኮሰ። ሁለት ሰው ሞተ። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ ሰዓቱ መሙላት አለመሙላቱ ብቻውን ተኩሱን ሕገ ወጥ አያደርገውም አለ። በሕግ ትክክል ሊሆን ይችላል። ያን ሰዓት አምኖ ለቆመ ሰው ግን ይህ እጅግ መራራ ነው።

ፒተርሉ ላይ ተነብቧል ወይስ አልተነበበም?

ይህ ጥያቄ 200 ዓመት አልፎትም ያከራክራል። ኦገስት 16 ቀን 1819 ማንቸስተር ውስጥ፣ ሴንት ፒተርስ ፊልድ ላይ፣ ወደ 60 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ተሰበሰበ። ማንቸስተር በፋብሪካ ያደገች ትልቅ ከተማ ነበረች፤ ግን ፓርላማ ውስጥ የራሷ ተወካይ አልነበራትም። ሕዝቡ የመጣው ይህ እንዲለወጥ ለመጠየቅ ነው። ብዙዎች የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ነው የወጡት። ዋናው ተናጋሪ ሄንሪ ሃንት ነበር።

ዳኞቹ ሜዳውን ከሚያሳይ ቤት ውስጥ ሆነው ያያሉ። ከመካከላቸው ቻርልስ ኤተልስተን የሚባለው፣ ቄስም የነበረው፣ አዋጁን በመስኮት አንብቤያለሁ አለ። ሜዳው ላይ ከነበሩት ግን ሰማሁ የሚል ማግኘት ከባድ ነው። እንዴትስ ይሰማል? ድምፅ ማጉያ የለም። ስልሳ ሺህ ሰው ይጮኻል፣ ይዘምራል። የእኛ ሰው «አዋጁን በጆሮ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

ተነብቦ ከሆነም አንድ ሰዓት አልተጠበቀም። ሃንት መድረክ ላይ ወጥቶ መናገር እንደጀመረ ፈረሰኞች እንዲይዙት ተላኩ። ሰይፍ መዘዙ። መደበኛው ጦርም ተከተለ። ሰዓት ሳይሞላ ሜዳው ላይ የቀረው የሞተና የቆሰለ ሰው፣ የወደቀ ባርኔጣና ጫማ ነበር። የሟቾቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ 18 ይባላል። ከነሱ አንዱ ፈረሰኛ ሲጋልብ ከእናቱ ክንድ የወደቀ የሁለት ዓመት ሕፃን ነው። የቆሰሉት በመቶዎች ይቆጠራሉ። ከአራት ዓመት በፊት የሆነውን የዋተርሉ ጦርነት በማስታወስ ሰዎች ቦታውን «ፒተርሉ» አሉት። ስሙ እስከ ዛሬ አለ።

ተነበበ ወይስ አልተነበበም የሚለው ክርክር እኔን ብዙ አያረካኝም። ማስጠንቀቂያ ዋጋ የሚኖረው ሲሰማና ለመውጣት ጊዜ ሲሰጥ ነው። ማንም ያልሰማው ንባብ ለአንባቢው መከላከያ ይሆነው ይሆናል፤ ለሕዝቡ ግን አልተነበበም።

ይህን ያህል ከባድ ነገር እንዴት የቤት ውስጥ ቁጣ ስም ሆነ?

አዋጁ ለመቶ ዓመት በተደጋጋሚ ስለተነበበ ሁሉም ሰው አውቆታል። የወፍጮ ቤት ግርግር፣ የዳቦ ዋጋ፣ ምርጫ፣ የሥራ ማቆም አድማ፣ ሁሉም ላይ ይነበባል። ልጅ ሳይቀር ቃሉን ያውቀዋል። ስለዚህ ወደ ጨዋታ ቋንቋ ገባ።

በጽሑፍ ከተገኙት ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ በዲሴምበር 1819 የተጻፈ የግል ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ላይ አንዲት ሴት ልጆቹ ወዳሉበት ክፍል «ራየት አክቱን ልታነብ» ሮጣ እንደወጣች ተጽፏል። ዓመቱን ልብ በሉት። ከፒተርሉ በኋላ ገና አራት ወር ነው። አንድ ቦታ ሬሳ የቀበሩ ሰዎች ያን ስም እየጠሩ ሲያለቅሱ፣ ሌላ ቤት ውስጥ ልጆችን ጸጥ ለማሰኘት ይውላል። ቋንቋ እንዲህ ያደርጋል። የሞት ቅጣቱ ራሱ የቀረው በ1837 ነው፤ በዕድሜ ልክ ግዞት ተተካ። ከዚያ በኋላ አባባሉ እየለሰለሰ ሄደ።

ለመጨረሻ ጊዜ የተነበበው መቼ ነው?

በብሪታንያ ከመጨረሻዎቹ ንባቦች መካከል የ1919ኞቹ ይታወቃሉ። ጃንዋሪ 31 ቀን ግላስጎው ውስጥ፣ ጆርጅ ስኩዌር ላይ፣ ሳምንታዊ የሥራ ሰዓት ወደ 40 እንዲወርድ የሚጠይቁ ሠራተኞች ተሰብስበው ነበር። የአውራጃው ሸሪፍ የሚባለው ዳኛ ማንበብ ሲጀምር ወረቀቱን ከእጁ ነጥቀው ቀደዱበት። በዚያው ዓመት ኦገስት መጀመሪያ ላይ፣ ፖሊሶች ራሳቸው አድማ በመቱበት ጊዜ፣ በርክንሄድ ውስጥ ተነበበ።

ካናዳም ውስጥ በዚያው ዓመት ጁን 21 ቀን የዊኒፔግ ከንቲባ ቻርልስ ግሬይ ለአድመኞች አነበበው። ፈረሰኛ ፖሊስ ተኮሰ። ሁለት ሰው ሞተ። ዕለቱ በካናዳ የሠራተኛ ታሪክ «ደም የፈሰሰበት ቅዳሜ» ይባላል።

አሁን ሕጉ አለ?

በእንግሊዝና በዌልስ በ1967 ሥራ ላይ መዋሉ አበቃ፤ በ1973 ደግሞ ከሕግ መጽሐፉ ጨርሶ ወጣ። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። በ1986 የወጣው የሕዝብ ሰላም ሕግ «ሁከት» የሚለውን ወንጀል ሲተረጉም የሰዎቹን ቁጥር 12 ወይም ከዚያ በላይ አለ። ከ1715 የተወረሰ ቁጥር ነው። ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራት ነው።

ካናዳ ውስጥ አዋጁ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 67 ላይ እስከ ዛሬ አለ። ቃሉ ከ1715ቱ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ «እግዚአብሔር ያድን» የሚለውም አልወጣም። ጊዜው ግን ወደ 30 ደቂቃ አጥሯል፤ ቅጣቱም እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ይደርሳል።

አሜሪካም ከእንግሊዝ ስትለይ ሐሳቡን ይዛ ሄዳለች። በ1792 የወጣው የሚሊሻ ሕግ፣ ፕሬዚዳንቱ ጦር ከማዝመታቸው በፊት አመፀኞቹ በሰላም ወደየቤታቸው እንዲመለሱ በአዋጅ እንዲያዝዙ ያስገድዳል። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1794 በውስኪ ግብር ምክንያት ለተነሣው አመፅ ይህንኑ አደረጉ። ግዴታው ዛሬም በፌዴራል ሕጉ ውስጥ አለ።

አባባሉን ስጠቀምበት ምን ልጠንቀቅ?

ቅርጹ ቀላል ነው፤ በእንግሊዝኛ «read them the riot act» ይባላል። «ማን ለማን አነበበ» ተብሎ ይነገራል፤ ሰውየው መሃል ይገባል። ያለፈ ጊዜ ሲሆን «ሬድ» ተብሎ ይነበባል፤ አጻጻፉ አይለወጥም። ስለ አባባሉ ሲጻፍ በትንሽ ፊደል ይጀምራል፤ ስለ ሕጉ ሲጻፍ በትልቅ።

አቅጣጫውን አትሳቱ። ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው። ልጅ ለአባቱ፣ ሠራተኛ ለአለቃው አያነብም። እኩል ጓደኛሞች ሲጣሉም አይባልም። ደግሞም ልቅሶ ቤት ወይም ሰው ስለሞተበት እውነተኛ ሰልፍ ሲወራ አትጠቀሙበት። ለመልበሻ ክፍልና ለልጆች ጫጫታ ይሆናል፤ የቆሰለ ሰው ባለበት ወሬ ላይ ግን ያስቀይማል።

ሰልፍ ላይ ፖሊስ በድምፅ ማጉያ «ተበተኑ» ሲል ራየት አክት አነበበ ማለት ነው?

ሰዎች በወሬ እንዲያ ይላሉ። በሕግ ግን እያንዳንዱ አገር የራሱ ደንብ አለው። ለምሳሌ ብዙ የእኛ ሰው በሚኖርበት በካሊፎርኒያ፣ ሹሙ ሕገ ወጥ የተባለውን ስብሰባ «በግዛቱ ሕዝብ ስም» እንዲበተን ያዝዛል። በንጉሡ ስም የነበረው ትእዛዝ ወደ ሕዝቡ ስም ዞሯል። ሕጋዊ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ እዚያ መቅረት ዛሬም ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ሰልፍ የምትወጡ ሰዎች ይህን ዕወቁ።

የሰልፍ ደንቡ በቅርቡም ተሻሽሏል። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የካሊፎርኒያ ፖሊስ ሰልፍ ለመበተን የጎማ ጥይት ወይም አስለቃሽ ጋዝ ከመጠቀሙ በፊት፣ ሁኔታው እስከፈቀደ ድረስ፣ የሚሰማ ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ ማሰማት አለበት። ካስፈለገ ከተለያየ ቦታ፤ ተገቢ ሲሆንም በተለያየ ቋንቋ።